አንድ ደቂቃ ለእማዬ

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜዬ፣ በምንኖርባት፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው ኧርቪንግ ውስጥ ከእኔ በላይ ምርጫ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። እንዲህ ያደረገኝ አባዬ ነው። ሌላው ልጅ የኳስ ተጫዋች ስም ሲሸመድድ እኔ የፕሬዚዳንት እጩዎችን ስም፣ የመጡበትን ስቴት፣ ማን በማን ላይ ምን እንደተናገረ ሳይቀር እንደ ዳዊት እደግመው ነበር። ሶ፣ ያን ረቡዕ ማታ ቤታችን ሰው የተሰበሰበው በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን የእጩዎች ክርክር ለማየት ነው ብዬ ባምን አይፈረድብኝም።

አሁን ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ያን ማታ የተሰበሰቡት አባዬ ወደ ቤቱ ይመለስ ወይስ እንደወጣ ይቅር የሚለውን ሊጨርሱ እንደነበር አውቃለሁ። ወንበር የደረደርኩት፣ ፒዛ ያዘዝኩትና ሰዓት የያዝኩት ግን እኔ ነኝ። ምን እንደማዘጋጅ ሳላውቅ!

አባዬ ከገና በኋላ ጀምሮ ግራንድ ፕሬሪ፣ ኖላዊ የሚባል ጓደኛው ጋ ነበር የሚያድረው። «የሚሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውሱ፣ ከዚያ ስለሚቀርበው ነው» ተባልኩ፤ አመንኩ። ለምን አላምን? ዌርሃውሱ እውነትም ግራንድ ፕሬሪ ነው። ከእኛ አፓርትመንት በመኪና ሃያ ደቂቃ ብቻ እንደሆነ፣ አባዬም ያን መንገድ አራት ዓመት ሙሉ ሲመላለስበት እንደኖረ ማሰብ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሥራ አይደለም።

ማታ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ለብሬክ ሲወጣ ይደውልልኛል።

«ፀዲ፣ ዲቤቱ ስንት ቀን ቀረው?»

«ስድስት!»

«ለአንድ እጩ ስንት ይሰጠዋል?»

«አንድ ደቂቃ። ለመልስ ሠላሳ ሴኮንድ። ሌላው ሲናገር መሃል መግባት ክልክል ነው!»

«የኔ ጎበዝ! የዲቤቱ ቀን ሺፍቴን አስቀይሬ እመጣለሁ፤ አብረን ነው የምናየው። ቃሌ ነው።» ከዚያ ድምፁ ዝቅ ይላል። «እናትሽ አለች?»

«አለች። ላገናኝህ?»

«አይ፣ ተያት። ደክሟት ይሆናል።»

እማዬ አጠገቤ ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች። የደከማት አትመስልም ነበር። መክተፊያው እስኪንቀጠቀጥ ነበር የምትከትፈው።

እንደተኳረፉ ገብቶኛል፤ ያን ያህል ሞኝ አልነበርኩም። ምክንያቱን ግን በራሴ ደርሼበት ነበር፦ የሚደግፉት እጩ ቢለያይ ነው። አንድ ቀን ማጣሪያ እንዲሆነኝ «እማዬ፣ ማንን ነው የምትደግፊ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ማንንም» አለችኝ። «ሲለፈልፉ መዋል ብቻ! የሚሰማ የለ!» በቃ፣ ማስረጃዬን አገኘሁ። የአባዬን እጩ ነው የሰደበችው ብዬ ደመደምኩ።

በዚያ ሰሞን ፍሪጃችን ላይ፣ በቀጭን እንጨት የተሰካች መዳፍ የምታክል የአሜሪካ ባንዲራ ተለጥፋ ነበር። እማዬን «ከየት አመጣሻት?» ስላት «ሰጡኝ» አለችኝ። «እነማን?» «ሰጡኝ አልኩ እኮ፣ ፀደንያ!» ሙሉ ስሜ ከተጠራ ነገር አለ ማለት ነው።

ረቡዕ ደረሰ። እማዬ ከሥራ ቀደም ብላ መጥታ ቤቱን ወለወለች፣ ፀጉሯን ተተኮሰች፣ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የምትለብሰውን ጥቁር ቀሚስ ለበሰች። ዲቤት እንዲህ ተለብሶ እንደሚታይ ባለማወቄ ተናድጄ እኔም ቀሚስ ቀየርኩ። «ጋሽ ወልዴና እትዬ የትምወርቅ ይመጣሉ» ስትለኝማ በደስታ ዘለልኩ። እነሱም ምርጫ ይከታተላሉ ማለት ነው!

ጋሽ ወልዴ ኤርፖርት ሻትል የሚነዱ፣ ሰባውን ያለፉ ሰው ናቸው። በሱዳን በኩል በእግራቸው ወጥተው፣ ካምፕ ቆይተው ዳላስ ከገቡ ሠላሳ ዓመት ሊሆናቸው ነው። በኋላ እንደተነገረኝ የደብራችን የእርቅ ሰው እሳቸው ናቸው፤ የተኳረፉ ባልና ሚስት ከቅዳሴ በኋላ እሳቸውን ፓርኪንጉ ላይ ካዩ በሌላ በር ይወጣሉ ይባላል። እትዬ የትምወርቅ ደግሞ ሆቴል ላውንድሪ የሚሠሩ፣ ነጠላቸውን ሳይቀር እንደ ሆቴል አንሶላ ጥግ ለጥግ ገጥመው የሚያጥፉ ሴት ናቸው። አባዬ «እኔ ልጅ ነኝ እንዴ ሽማግሌ የሚላክብኝ?» እያለ ሁለት ጊዜ አምልጧቸው ኖሯል። ለእኔ የገባውን ቃል ግን እንደማያጥፍ ያውቃሉ። የዲቤቱን ቀን የመረጡት ለዚህ ነው።

እኔ በበኩሌ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሶፋውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞርኩ። የእጩዎቹን ስም በካርድ ጽፌ በየወንበሩ አስቀመጥኩ። ባንዲራዋን ከፍሪጁ ላይ አንስቼ ቴሌቪዥኑ አናት ላይ በፕላስተር ለጠፍኳት። ከኩሽና ዶሮዋን አመጣሁ፤ ዶሮዋ የምላችሁ እማዬ ከዶላር ሱቅ የገዛቻት፣ አንገቷን ሲያዞሯት ደቂቃ የምትቆጥርና ሲሞላ የምትንጫረር ፕላስቲክ ዶሮ ናት። ጊዜያቸውን ያሳለፉ እጩዎችን ልመዘግብባቸው ነበር ዕቅዴ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ።

«ጋሼ፣ አንተ እዚህ ቁጭ በል» አልኳቸው፤ አንቱታ ያን ጊዜ በደንብ አይዞርልኝም ነበር። እማዬ ከንፈሯን ነከሰችብኝ። «ከዚህ በደንብ ይታይሃል።»

«ምኑ ነው የሚታየኝ፣ ልጄ?»

«ዲቤቱ ነዋ!»

ጋሽ ወልዴ እትዬ የትምወርቅን አዩ። እትዬ የትምወርቅ ጣሪያውን አዩ። «እህ… አዎ፣ ዲቤቱ» አሉ ጋሽ ወልዴ፤ ውሸት እንደማይሆንላቸው ከፊታቸው ያስታውቃል።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። አባዬ ነበር። የራሱን ቤት በር አንኳኩቶ ቆመ! ቁልፉ ጠፍቶበት ነው ብዬ ሮጬ ከፈትኩለት። ቁልፉን እማዬ ተቀብላው እንደነበር ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። እሱ ግን ዓይኑ ሶፋው ላይ ነበር፤ ሽማግሌዎቹን ሲያይ ገባውና እግሩ ደፉ ላይ ቀረ። «እንደምን አመሻችሁ» ሲል ያ አዳራሽ የሚሞላ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። ከዚያ ባንዲራዋን አየ።

«ይቺን ከየት አመጣሻት?»

«የእማዬ ናት። ሰጧት።»

ቀረብ ብሎ በጣቱ ጫፍ ነካት። ወደ እማዬ ዞረ፤ እማዬ ፒዛውን እያየች ነበር።

ፒዛው ራሱን የቻለ ጉድ ነበር። ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነው፤ እኔ ደግሞ ያለ ፒዛ ዲቤት አይታይም ብዬ አልቅሻለሁ። ሶ፣ ያለ ቺዝ ታዘዘ። ጋሽ ወልዴ አንዱን ቁራጭ አንስተው አገላብጠው አዩት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፒዛ ነው ጋሼ፣ የጾም።»

«ምኑ ነው ፒዛው? ቂጣ ላይ ስልስ ቀብተውበት!»

«ዝም ብለው ይብሉ» አሉ እትዬ የትምወርቅ፤ «ልጅቷ ለፍታበታለች።»

ተሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፀዲዬ፣ ዲቤቱ እስኪጀምር መኝታ ቤት ቆዪልን እስቲ።»

ዶሮዬን ታቅፌ ገባሁ። በሩን ግን አልዘጋሁትም፤ ማን ሞኝ አለ!

መጀመሪያ የተናገረው አባዬ ነው። «ጋሼ፣ እኔ አልጠጣ፣ እንደ ሰዉ ኦክላሆማ ካዚኖ አልሄድ፣ ሥራ ውዬ ቤቴ ነው የምገባ…» አለና ቀጠለ። ስለ ኦቨርታይም፣ ስለ ሱፐርቫይዘሩ፣ ስለ ሀገሩ ኢኮኖሚ ሁሉ አወራ። ምኑ ከምኑ እንደሚገናኝ አልገባኝም፤ ጊዜውን ግን ይዤበታለሁ።

«ያን ቀን እኮ…» አለች እማዬ።

«ቆይ ልጨርስ።»

«ሦስት ጊዜ ነው የነገርኩህ፣ ታፈሰ…»

«ቆይ ልጨርስ አልኩ እኮ፣ ስርጉት!»

አራት ደቂቃ አለፈው። አራት! ደሜ ፈላ። እንዲያ ሲያስጠናኝ ከርሞ ሕጉን ራሱ ሲያፈርሰው? በሩን በርግጄ ወጣሁ።

«አባዬ፣ ጊዜህ አልቋል! አራት ደቂቃ ተናግረሃል፤ እማዬ አንድም አልደረሳትም! መሃል መግባትም ክልክል ነው!»

«ፀደንያ!» አለች እማዬ ብድግ ብላ። ጋሽ ወልዴ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ እስቲ። ምን አልሽ አንቺ? ሕጉ ምን ይላል?»

በአንድ ትንፋሽ አነበነብኩላቸው። አንድ ደቂቃ፤ ለመልስ ሠላሳ ሴኮንድ፤ ሌላው ሲናገር ዝም።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«አባዬ።»

እትዬ የትምወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ወልዴ ግን አልሳቁም። «እንግዲያው በራሱ ሕግ እንዳኘዋለን። ታፈሰ፣ ትስማማለህ?»

«ምን አማራጭ አለኝ፣ ጋሼ?»

«በይ ዶሮሽን አዙሪልን። ለእናትሽ አንድ ደቂቃ።»

ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ዶሮዋን ጉልበቴ ላይ አደረግኋት። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ የኮራሁበት ቀን የለም። እማዬ መጀመሪያ አባዬን አላየችውም፤ ዶሮዋን እያየች ነበር የምትናገረው።

«የዜግነት ፈተናውን ሳጠና ጠይቀኝ አልኩት። ጥያቄውን ያነብና መልሱን ራሱ ይመልሳል፤ ከዚያ ሌክቸር ነው። ከመቶው ጥያቄ አንዱን አላስመለሰኝም። መኪና ውስጥ በሲዲ አጥንቼ አለፍኩ። የምምልበት ቀን ሐሙስ ነው አልኩት፤ ሦስት ጊዜ። ፍሪጅ ላይ ጽፌ ለጠፍኩለት። ሐሙስ ዕለት ስሜ ሲጠራ ዞር ብዬ ባይ ለእሱ በያዝኩት ወንበር ላይ የማላውቀው ሰው ጃኬቱን አስቀምጦበታል። ፎቶ ያነሳችኝ አጠገቤ የነበረች የቬትናም ሴት ናት፤ እሷ እንኳን ከየት ነሽ ብላ ጠየቀችኝ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ብላ አቀፈችኝ። ቤት ስገባ እሱ ከኖላዊ ጋር በስልክ ስለ እጩዎች ይከራከራል። ባንዲራዬን ይዤ ፊቱ ቆምኩ። ቀና ብሎ አየኝና በእጁ ‹አንዴ ቆይ› አለኝ።» ያን ጊዜ ዞራ አየችው። «ቆየሁ፣ ታፈሰ። ቆሜ ቆየሁ። ስልኩን አልዘጋኸውም።»

ዶሮዋ የተንጫረረችው እማዬ ከጨረሰች በኋላ ነው። ጊዜ ተርፏት ነበር! ከእጩዎቹ ሁሉ እንዲህ ያለ አላየሁም። ስለ ምርጫው አንድም ቃል አለማንሳቷ ግን አሳዘነኝ፤ ከርዕስ ወጥታለች ብዬ ነጥብ ቀነስኩባት።

«ለመልስ ሠላሳ ሴኮንድ» አልኩና ዶሮዋን ለአባዬ አዞርኩ።

አባዬ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ባንዲራዋን አየ፣ እማዬን አየ፣ እጆቹን አየ። ዶሮዋ ቷ ቷ ትላለች። «አባዬ፣ በል እንጂ!» ብዬ አንሾካሾክሁ፤ ስለ እሱ እኔን አላበኝ። ሰዓቱ ሞላ። ከዚያ በኋላ ነው «መልስ የለኝም፣ ጋሼ። ልክ ናት» ያለው።

አፈርኩ። በቴሌቪዥን እንዲህ ያለ እጩ በማግስቱ ከውድድር ይወጣል። አባዬ አለቀለት ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ባለፈው ዓመት እማዬ ስለዚያ ማታ ስታጫውተኝ የነገረችኝ ሌላ ነው፦ «በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ ዝም ብሎ ሲሰማኝ ያየሁት ያኔ ነው። ሠላሳ ሴኮንድ እንደዚያ ረጅም መሆኗን አላውቅም ነበር።»

«እንግዲህ ስርጉት» አሉ ጋሽ ወልዴ፤ «ምን ትያለሽ? ቤቱ ይግባ?»

አባዬ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጦ እያዩት «ቤቱ ይግባ» ማለታቸው ገረመኝ። አርጅተዋል፣ ምስኪን፣ ብዬ አለፍኩት።

እማዬ የቀሚሷን ጫፍ ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆየች። «አልወሰንኩም፣ ጋሼ። ልዋሽዎት አልፈልግም። ላስብበት።»

የአባዬ ትከሻ ወረደ። እኔ ግን ነፍሴ ተመለሰች! አልወሰንኩም? ይሄማ የምናውቀው ነገር ነው። ሄጄ ጆሮው ስር ተለጠፍኩ። «አባዬ፣ አይዞህ! ዋናዎቹ እኮ ያልወሰኑት ናቸው፤ አንተ ነህ ያልከኝ። እጩው ቤታቸው ድረስ ሄዶ ምን እንደሚፈልጉ ይጠይቃቸዋል፤ ከዚያ እሱ ዝም ይልና እነሱ ያወራሉ። እንደዚያ አድርግ።»

አባዬ ሳቀ። ሳቁ ደግሞ ወዲያው ሌላ ነገር ሆነበትና ፊቱን በፒዛው ናፕኪን ጠረገ። «እውነትሽን ነው» አለኝ። «እውነትሽን ነው፣ ፀዲዬ።»

ዲቤቱ ጀመረ። ጋሽ ወልዴ ገና በመጀመሪያው ማስታወቂያ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እትዬ የትምወርቅ ከእጩዎቹ ማን ስንት ልጅ እንዳለው ካልነገርሽኝ ብለው ያዙኝ። ወር ሙሉ ቀን ሲቆጥር የከረመው አባዬ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ትቶ የእማዬን ጉንጭ ያያል። «አባዬ፣ ወደ ቲቪው!» እለዋለሁ፤ አንድ ደቂቃ ያይና መልሶ ወደ እሷ ነው። ሲያልቅ ግንባሬን ስሞኝ፣ ሽማግሌዎቹን አመስግኖ ወደ ግራንድ ፕሬሪ ሄደ። ዌርሃውሱ ስለሚቀርበው።

ከዚያ በኋላም በየማታው አንድ ሰዓት ላይ ይደውላል፤ ጥያቄው ግን ተቀየረ። «እማዬ እንዴት ዋለች? ምን አለች?» ይለኛል፤ እኔ አወራለሁ፣ እሱ ዝም። ስለ እጩዎቹ ልነግረው ስጀምር እንኳን «እሱን ተይውና ስለ እናትሽ ንገሪኝ» ይለኛል። ምርጫ ያስጠላው መስሎኝ ተጨነቅሁ። አንድ ማታ እማዬ ቢላዋዋን አስቀምጣ «አምጪው ስልኩን» አለችኝ። አሥራ አንድ ደቂቃ አወራችው፤ ዶሮዬን ይዤ ቆጥሬያለሁ። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ጊዜም «ቆይ ልጨርስ» አላለም።

የምርጫው ቀን ማክሰኞ ነበር፤ ያካፋል። አባዬ እማዬን «ላድርስሽ?» ብሎ ለምኗት ኖሮ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ መኪናውን በራችን ላይ ፓርክ አድርጎ አገኘሁት። ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው የመጣው። ከዌርሃውስ ጃኬቱ ሥር ነጭ ሸሚዝና ከረባት አድርጓል። ለምርጫ ነው ብዬ አመሰገንኩት። እማዬ በማለችበት ሐሙስ ዕለት ሊለብሰው ይገባ የነበረ ልብስ መሆኑ ዛሬ ይገባኛል።

ድምፅ የሚሰጠው ላይብረሪ ውስጥ ነበር። «አባዬ፣ ና እንጂ!» አልኩት በሩ ላይ።

«እናንተ ግቡ። እኔ መኪናውን ልጠብቅ፤ ቶው አድርገው ጎትተው እንዳይወስዱት።»

ይህችንም አመንኳት። አባዬ፣ ግራንድ ፕሬሪን በሙሉ ስለ አሜሪካ ምርጫ ሲያስተምር የሚውለው አባዬ፣ ገና ዜጋ አልነበረም። «ነገ እሞላዋለሁ» እያለ ፎርሙ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ዓመት አድሯል። ከቤታችን ድምፅ መስጠት የምትችለው አንድ ሰው፣ ያቺ «ሁሉም ይለፈልፋሉ» የምትለው እናቴ ነበረች።

ከእማዬ ጋር ተሰለፍኩ፤ ማሽኑ ፊት ስትቆም ቀሚሷን ያዝኩ። ቆይተን ስንወጣ አባዬ መኪናው ውስጥ አልነበረም። በሩ አጠገብ ዣንጥላ ይዞ፣ ለራሱ ግን ሳይጠለልበት ቆሟል። ማንን መረጥሽ ብሎ ይነዘንዛታል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠየቃትም! ዣንጥላውን እሷ ላይ አደረገና «እንዴት ነበር? ንገሪኝ» አላት። ከዚያ ዝም አለ።

እማዬ ነገረችው። ሰልፉን፣ የወረቀት ሥራውን፣ ስሟን አስተካክላ የጠራችላትን አሮጊት፣ ማሽኑን እንዴት እንደነካችው። አባዬ እየራሰ ሰማት፤ ጭንቅላቱን ብቻ እየነቀነቀ። ስትጨርስ ኮቷ ላይ የለጠፉላትን «መርጫለሁ» የሚል ስቲከር ቀስ ብላ ላጠችና እርጥብ ጃኬቱ ደረት ላይ ለጠፈችለት። እንዳይነሳም በአውራ ጣቷ ዳር ዳሩን ተጫነችው።

«እኔ እኮ አልመረጥኩም» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። ከቦርሳዋ ቁልፍ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠች። «ማታ ሻንጣህን ከኖላዊ ጋ ይዘህ ና።»

እኔ መሃላቸው ቆሜ ሁለቱንም አየኋቸው። ደስ ብሎኛል፤ ግን አንድ ያልታሰበበት ነገር ያለ መሰለኝ።

«ዌርሃውሱስ?» አልኳት። «አይርቅበትም?»

እማዬ የአባዬን እርጥብ ኮሌታ እያስተካከለች «ሃያ ደቂቃ ነው» አለችኝ።